«እናቱ ካለች እንዴት ከቤት ይወጣል?»

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ሰሞኑን በወጣቶች ዓምዳችሁ የወጣውንና ልጆቻችን በስልካቸው ስለሚያነቧቸው የጃፓን የሥዕል ታሪኮች፣ ማለትም ስለ ማንጋ፣ የተጻፈውን ሐተታ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የማንጋ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ከአንድ ቅርጽ እንደወጡ ብሎኬቶች ናቸው ካሉ በኋላ፣ ወላጅ የሌለው ልጅ፣ በውስጡ የታመቀ ኃይል፣ ፊቱ የማይፈታ ተቀናቃኝ፣ በታሪኩ መካከል የሚሞት አስተማሪ፣ ተሸንፎ ወዳጅ የሚሆን ጠላት እያሉ ይዘረዝራሉ። ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ እኔም ብጠየቅ ሌላ አምስት እጨምርበታለሁ። ያልተስማማሁት ከዝርዝሩ ተነሥተው በደረሱበት ድምዳሜ ነው፤ እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ሰው የለም፣ ልጆቻችንም ከእርሱ ስለ ሰው የሚማሩት ነገር የለም ይላሉ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ወደ ማንጋ ያስገባኝም በአንድ እርማት ላይ የተነሣ ክርክር ነው። ባለፈው ዓመት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አጭር ልብ ወለድ ጽፈው እንዲያመጡ አዝዤ ነበር። ከመጡልኝ ጽሑፎች በአንዱ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ እናትም አባትም፣ አያትም አክስትም የሌለው፣ የት እንደሚያድር እንኳ የማይታወቅ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። በግራ መዳፉ ላይ ምልክት አለው፤ ምልክቱ ሲያበራ ጉልበቱ ይጨምራል፤ በስድስተኛው ገጽ ላይም ያገሩን ጠላት በሙሉ ደምስሶ ታሪኩ ያበቃል። ከ10 አራት ሰጠሁትና በኅዳጉ ላይ «ቤተሰቦቹ የት ሄዱ?» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩበት። በማግስቱ ልጁ እስከ መምህራን ማረፊያ ክፍል ድረስ መጣ፤ አልተቆጣም፣ የምሩን ሊያስረዳኝ ፈልጎ፣ «ቲቸር፣ እናቱ ካለች እንዴት ከቤት ይወጣል?» አለኝ።

መልሱ ለብዙ ቀን ከጆሮዬ አልጠፋም፤ ምክንያቱም ልጁ ሳያውቀው የድርሰትን አንድ እውነተኛ ችግር በስሙ ጠርቶታል። እናት ያለው ልጅ ሲመሽ ጫማውን ቢያጠልቅ «ወዴት ነው?» ይባላል፤ ቢዋሽ ይታወቅበታል፣ እውነቱን ቢናገር አይለቀቅም። ከዚህ ጥያቄ ጋር መታገል ያልፈለገ ደራሲ እናቲቱን በመጀመሪያው ገጽ ይቀብራትና መንገዱን ይጠርጋል። በእኛ ተረት የእንጀራ እናት እንዲያ የምትበዛው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ወላጅ እናት በቤቱ ብትኖር ልጅቱ ለብቻዋ ወደ ጫካ ባልተላከች፣ ተረቱም ባልተጀመረ ነበር። ስለዚህ ይህ ቅርጽ የጃፓኖች ስንፍና የወለደው አይደለም፤ ሕፃንን ብቻውን ወደ አደጋ መላክ የሚፈልግ ተራኪ ሁሉ፣ በየትም አገር ቢሆን፣ የሚያልፍበት በር ነው። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ልጁ በዚያ በር ከወጣ በኋላ ደራሲው ምን እንደሚያደርግ ነበር። ተማሪዬን «የምታነባቸውን ጻፍልኝ» አልኩት፤ በግማሽ ሉክ ወረቀት የርዕሶች ዝርዝር አመጣልኝ፤ እኔም ክረምቱን በሙሉ በእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ሳነባቸው ከረምኩ።

በመጀመሪያ ግልጽ የሆነልኝ እነዚህ ቅርጾች የሚበቅሉበት አፈር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ። ልጆቻችን ከሚያውቋቸው ታሪኮች ብዙዎቹ የወጡት በ1968 በተመሠረተው «ሾነን ጃምፕ» በተባለ የወንድ ልጆች ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ነው። መጽሔቱ ወዳጅነት፣ ጥረትና ድል የሚሉትን ሦስት ቃላት መመሪያው አድርጎ የኖረ ሲሆን፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ የአንድ እትሙ ቅጂ ከ6 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ደራሲው በየሳምንቱ 20 ያህል ገጽ ሥሎ ማስረከብ አለበት፤ አንባቢዎች ደግሞ ከመጽሔቱ ጋር በሚመጣው ፖስታ ካርድ ላይ በዚያ ሳምንት የወደዷቸውን ሦስት ታሪኮች መርጠው ይልካሉ። ድምፅ ያጣ ታሪክ በ10 ሳምንት አካባቢ ሊቋረጥ ይችላል። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ገጸ ባሕርይን በዝግታ ማስተዋወቅ የማይታሰብ ነው፤ ልጁ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚጎድለው በመጀመሪያው ክፍል፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ገጾች መታወቅ አለበት። ያ እንደ እሾህ የቆመ ጸጉር፣ ያ ከሩቅ የሚለይ ባርኔጣ የተሣለው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አንባቢው ልጁን በጥላው ብቻ እንዲለየው ተብሎ ነው።

የአኪራ ቶሪያማ «ድራጎን ቦል» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1984 ሲጀመር የተበተኑ ሰባት ኳሶችን ለመሰብሰብ የሚደረግ፣ ቀልድ የበዛበት ጉዞ ነበር። የአንባቢው ድምፅ ሲቀንስ አርታኢው ካዙሂኮ ቶሪሺማ ዋናው ገጸ ባሕርይ ደብዛዛ ነው ብሎ ነገረው፤ ከዚያም በሽማግሌው መምህር ዘንድ የሚደረገው ልምምድና የትግል ውድድሩ መጡ፣ ታሪኩም ተነሣ። ከዓመታት በኋላ አንድ ሽማግሌና አንድ ወፍራም ሰው የሚመስሉ ሮቦቶች አዳዲስ ጠላቶች ሆነው ብቅ ሲሉ፣ ያው ቶሪሺማ፣ የታሪኩ አርታኢ መሆኑ ቀርቶ ሳለ፣ ቅር መሰኘቱን ገለጸለት፤ ቶሪያማም ሁለት ወጣት መሳይ ሮቦቶችን አመጣ፤ እነርሱ ደግሞ ልጆች ናቸው ሲባሉ ሴል የተባለውን ፍጡር ጨመረ። እንግዲህ ከጠላት በስተጀርባ ሁልጊዜ የባሰ ጠላት የመኖሩ ልማድ፣ ታሪክ ሲቀዘቅዝ ውድድር የመጥራቱም ልማድ፣ በከፊል የተወለዱት በአንድ ደራሲና በአንድ አርታኢ ንግግር ነው። ይህን ሳውቅ ለቶሪያማ ያለኝ አክብሮት ጨመረ። መንገዱ አስቀድሞ ሳይታየው በየሳምንቱ እየተጓዘ፣ ጠላት ሆኖ ወደ ምድር መጥቶ በዓመታት ውስጥ፣ ያውም እየወደቀና ወደ ክፋቱ እየተመለሰ፣ በመጨረሻ ለሚስቱና ለልጁ ራሱን እስከ መስጠት የደረሰውን ቬጌታን የመሰለ ትዕቢተኛ መፍጠር ቀላል ሥራ አይደለም። «ጠላት ወዳጅ ሆነ» በሚል አንድ መስመር የተዘረዘረው ቅርጽ እዚህ ላይ ዓመታት የፈጀ የሰው ትግል ነው።

በጃፓን ማንጋ ሠሪዎች ዘንድ አንድ አባባል አለ። ገጸ ባሕርይ ሲዋጣላቸው «ኪያራ ጋ ታትሱ» ይላሉ፤ ገጸ ባሕርዩ ቆመ ማለት ነው። እኛም ልጅ ራሱን ሲችል በእግሩ ቆመ እንላለንና አባባሉ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ይህንን ትምህርት አጥብቆ የያዘው፣ ሕፃን ልጁን በጋሪ እየገፋ ስለሚዞር ሳሙራይ በጻፈው ታሪክ የሚታወቀው ካዙኦ ኮይኬ ነበር፤ በ1977 የከፈተው የማንጋ ማስተማሪያ ቤት እንደ ሩሚኮ ታካሃሺ ያሉ ታላላቅ ደራስያንን አፍርቷል። ኮይኬ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ድክመት፣ ለተቀናቃኙ ደግሞ ጉድለት ስጡ እያለ ያስተምር ነበር። ሁለቱ ቃላት ተመሳሳይ ቢመስሉም በመካከላቸው ልዩነት አለ፤ ድክመት ያለበትን ሰው እናዝንለታለን፣ ጉድለት ያለበትን ግን እንጠብቀዋለን፤ መቼ እንደሚጥለው ለማየት ዓይናችንን ከእርሱ አናነሣም። በእግሩ የቆመ ገጸ ባሕርይ ምልክቱ ይህ ይመስለኛል፤ ደራሲው አንድ ቃል ሳይናገር፣ በማናውቀው ክፍል ውስጥ ከማናውቀው ሰው ጋር ቢቀመጥ ምን እንደሚያደርግ እኛ አንባቢዎቹ እናውቃለን።

በዚህ መሠረት የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው። የተዘወተረ ቅርጽ የሚበላሸው ደራሲውን ከሥራ ሲገላግለው ነው፤ የሚያምረው ደግሞ በገጸ ባሕርዩ ትከሻ ላይ ዕዳ ሆኖ ሲጫን ነው። የተማሪዬ ሙት እናት ደራሲውን ገላገለችው፤ ከሁለተኛው ገጽ በኋላ ማንም አላነሣትም። አሁን የሂሮሙ አራካዋን «ፉልሜታል አልኬሚስት» እንይ። አራካዋ በሆካይዶ የወተት ላሞች በሚረቡበት እርሻ ያደገች ሴት ናት፤ ታሪኩን ከ2001 እስከ 2010 በወርኃዊ መጽሔት አውጥታ በ27 ቅጽ ጨርሳዋለች። እዚህም እናት በመጀመሪያው ላይ ትሞታለች፤ አባትም ቀድሞ ከቤት ሄዷል። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን ሞቷን አይቀበሉም፤ በአልኬሚ፣ ማለትም አንዱን ነገር ወደ ሌላ በሚለውጥ ጥበብ፣ ሊያስነሷት ይሞክራሉ፤ ሙከራው ይከሽፋል። ታናሹ ሙሉ አካሉን ያጣል፤ ታላቁ ኤድዋርድ አንድ እግሩን ካጣ በኋላ የወንድሙን ነፍስ ከአንድ የብረት ጥሩር ጋር ለማቆራኘት ቀኝ እጁን ይሰጣል። ከዚያም መመለሻ እንዳይኖራቸው ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ያቃጥላሉ። ኤድዋርድ ቤቱ የተቃጠለበትን ቀን በኪስ ሰዓቱ ክዳን ውስጥ ፍቆ ጽፎ፣ ማንም እንዳያየው ሰዓቱን ዘግቶ ይዞ ይዞራል። ይህን የምናውቀው እርሱ ነግሮን አይደለም፤ የብረት እጁን የምትሠራለት ዊንሪ ሰዓቱን በግድ ከፍታ ስታየው አብረናት እናያለን። ልጆቹ ከቤት የወጡት እናት ስለሌለች ተመችቷቸው ቢሆን ኖሮ ሰዓቱ ውስጥ የሚጻፍ ነገር ባልኖረ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። በወንድ ልጆች ማንጋ ውስጥ ከሁሉ በላይ የተዘወተረው ቅርጽ የኃይል መጨመር ነው፤ ልጁ ይሸነፋል፣ ይለማመዳል፣ በርትቶ ይመለሳል፣ ቀጥሎ ከእርሱ የበለጠ ይመጣል። አራካዋ ይህንኑ መሰላል ለዓመታት ካስወጣችን በኋላ በመጨረሻው ላይ ኤድዋርድ የወንድሙን አካል ለማስመለስ የሚሰጠው ነገር ያ ኃይሉን ራሱን ነው፤ አልኬሚ የሚሠራበትን ችሎታ አሳልፎ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ተራ ሰው ሆኖ ይኖራል። የታሪኩ ሕግ አንድ ነገር ለማግኘት እኩል ዋጋ መክፈል ግድ ነው የሚል ስለነበር፣ ጥያቄው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ተቀምጦ ነበር። ይህን ክፍል ያነበብኩት አንድ ዝናብ በበዛበት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ስልኩን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ እንደተቀመጥኩ አስታውሳለሁ።

ስለ ተቀናቃኝ ደግሞ ጸሐፊው «ፊቱ የማይፈታ» ያሉት ዓይነት ከየት እንደመጣ ማየት ይገባል። በ1968 «ሾነን ማጋዚን» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ የጀመረውና ኢኪ ካጂዋራ በሌላ የብዕር ስም ጽፎት ቴትሱያ ቺባ የሣለው «አሺታ ኖ ጆ»፣ ማለትም የነገው ጆ፣ ከድሃ ሰፈር ስለተነሣ ቦክሰኛ የሚናገር ታሪክ ነው። የጆ ተቀናቃኝ ሪኪኢሺ ይባላል። ቺባ ሪኪኢሺን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሥለው ወደፊት ከጆ ጋር በአንድ የክብደት ምድብ እንደሚጋጠም ስላላወቀ ግዙፍ አድርጎ ሣለው፤ ግጥሚያው ሲመጣ ግን ሪኪኢሺ ክብደቱን ያለ ልክ መቀነስ ነበረበት። የሥዕል ስሕተት የነበረው ነገር የሰውየው ባሕርይ ሆነ። ውኃ ጥም ሲያሳብደው ወደ ቧንቧዎቹ ይሮጣል፤ ሁሉም በሽቦ ታስረዋል። ዮኮ የምትባለው ወጣት ሴት ራርታለት አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ ታመጣለታለች። ይቀበላታል፣ ስለ ደግነቷ ያመሰግናታል፣ ከዚያም ውኃውን መሬት ላይ ያፈሰዋል። ሪኪኢሺ ከጆ ጋር ያደረገውን ግጥሚያ ካሸነፈ በኋላ እጁን ሊጨብጠው እንደዘረጋ ይወድቃል፤ በዚያው ይሞታል።

ማርች 24 ቀን 1970 በቶኪዮ በመጽሔቱ አሳታሚ ሕንፃ ውስጥ፣ በገጣሚው ሹጂ ቴራያማ አነሣሽነት፣ ለዚህ በወረቀት ላይ ብቻ ለኖረ ሰው የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደርጎ 700 ያህል ሰው ተገኝቷል። እኛ ለቀብር ቀልድ የማናውቅ ሕዝብ ነንና ይህ ነገር ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። እኔ ግን ያንን የፈሰሰ ብርጭቆ ውኃ ካየሁ በኋላ ሰዎቹ ለምን እንደሄዱ ገብቶኛል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ፊታቸው የማይፈታ ተቀናቃኞች ብዙዎቹ የሪኪኢሺን ዝምታ ወርሰዋል፤ ውኃውን የወረሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ልዩነቱም እዚያ ላይ ነው።

የታኬሂኮ ኢኖውዌ «ስላም ደንክ» ከ1990 እስከ 1996 በ31 ቅጽ የወጣ የቅርጫት ኳስ ታሪክ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሳኩራጊ ጸጉሩ ቀይ፣ ጠበኛ፣ ራሱን ሊቅ ብሎ የሚጠራ፣ ከዚያ በፊት 50 ልጃገረዶች እምቢ ያሉት ጎረምሳ ነው፤ ወደ ቡድኑ የገባውም ኳሱን ወዶ ሳይሆን አንዲት ልጅ እንድትወደው ነው። ልጅቱ ደግሞ የምትወደው ተቀናቃኙን ሩካዋን ነው። ከዚህ በላይ የተዘወተረ ነገር የለም። ነገር ግን ኢኖውዌ ይህን ልጅ በአንድ ሌሊት ጎበዝ አያደርገውም፤ ኳስ ማንጠር ያስተምረዋል፣ ኳስ ከመሬት ማንሣት ያስተምረዋል፣ በአንድ ሳምንት ልምምድ 20,000 ጊዜ ያስወረውረዋል፣ ግራ እጅ ኳሱን ለመደገፍ ብቻ እንደሆነም ደጋግሞ ይነገረዋል። በመጨረሻው ታላቅ ግጥሚያ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ላይ ንግግር ከገጾቹ ይጠፋል፤ ጩኸት የለም፣ የተመልካች ድምፅ የለም፣ ሥዕል ብቻ ይቀራል። ለሳኩራጊ ሆን ብሎ ኳስ አቀብሎት የማያውቀው ሩካዋ፣ ተከላካዮች ከፊቱ ሲዘጉበት፣ በቀኝ በኩል እጁን አዘጋጅቶ የቆመውን ሳኩራጊን ያየዋል፤ ያቀብለዋል። ኳሱ ይገባል፤ 79 ለ78። ሁለቱ ልጆች ሳያስቡት ተቀራርበው መዳፋቸውን ያጋጫሉ፤ ወዲያው ደግሞ ያደረጉት ትዝ ብሏቸው ፊታቸውን ያዞራሉ።

ድል ይህ ታሪክ ከወጣበት ከ«ሾነን ጃምፕ» ሦስት መመሪያ ቃላት አንዱ መሆኑን ከላይ ተናግሬአለሁ። ኢኖውዌ ከዚህ ግጥሚያ ቀጥሎ በሚመጣው ዙር ቡድኑ ክፉኛ መሸነፉን በአጭሩ ይነግረንና ታሪኩን ወደ መዝጋት ይሄዳል፤ ሳኩራጊም በግጥሚያው የተጎዳውን ጀርባውን እያስታመመ እናየዋለን። ቅርጹ ዋንጫ ይጠይቅ ነበር፤ ልጁ ግን ከዋንጫው በፊት የሚፈልገውን አግኝቶ ነበር፤ ኳሱን ወዶታል። ደራሲው ይህን አይቶ በዚያ ማቆሙ ትልቅ የድርሰት ድፍረት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጸሐፊው ካነሷቸው ውስጥ ሙሉ በሙሉ የምስማማበት አንድ ወቀሳ አለ፤ እርሱም በሞት አፋፍ የሚነገር ያለፈ ታሪክ ነው። ክፉው ሰው ይሸነፋል፤ ሊሞት ሲል ልጅነቱ፣ ረኃቡ፣ የተገደሉ ዘመዶቹ በተከታታይ ገጾች ይታዩናል፤ እንድናለቅስለትም ይጠበቃል። ከ2016 እስከ 2020 የወጣውና ሰው በላ አጋንንትን አንገታቸውን እየቆረጡ ስለሚገድሉ ተዋጊዎች የሚናገረው «ዲመን ስሌየር» ይህን ደጋግሞ ያደርገዋል፤ አንገቱ ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣው ትዝታ አንዳንዴ በለቅሶ ቤት ከሬሳው አጠገብ ቆመው እንደሚያነቡት የሕይወት ታሪክ ይሆናል፤ ሁሉም መልካም ነው፣ ግን ዘግይቷል። በዚያው ሥራ ውስጥ ያለው፣ ከሰውነት ወደ ጋኔንነት የተለወጠው አካዛ ግን የተለየ ነው። አካዛ ሲዋጋ ከእግሩ ሥር የበረዶ ቅንጣት የሚመስል ክብ ቅርጽ ይዘረጋል፤ ሴት አይገድልም፤ ምክንያቱንም ራሱ አያውቀውም፣ ሰው ሳለ የነበረውን ሁሉ ረስቷልና። በኋላ ታሪኩ ሲገለጥ፣ ያ ቅርጽ በስሟ ውስጥ በረዶ የሚል ቃል ያለባት፣ በተመረዘ ውኃ የተገደለችበት እጮኛው በጸጉሯ ላይ ታደርገው የነበረው ጌጥ መሆኑን እንረዳለን። ያለፈው ታሪክ ከውጭ የተለጠፈ አይደለም፤ ገና ማን እንደነበር ሳናውቅ ጀምሮ በአካሉ ላይ ተጽፎ ነበር። ተማሪዎቼ ያለፈ ታሪክ ሲጽፉ ይህንን እነግራቸዋለሁ፤ ልጁ በልጅነቱ ተርቦ ከነበረ ዛሬ ዳቦ ሲቆርስ ይታይ፣ ስለ ረኃቡ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ እኔ ግን ከሁሉ የከፋ የምለው ጉድለት የሴት ገጸ ባሕርያት አያያዝ ነው። ከ1999 እስከ 2014 በወጣውና ስለ ወጣት ኒንጃ ተዋጊዎች በሚናገረው «ናሩቶ» ውስጥ ሳኩራ የሦስቱ ተማሪዎች አንዷ ሆና ትጀምራለች፤ ሁለቱ ወንዶች እያንዳንዳቸው ቁስልና ምኞት ሲሰጣቸው እርሷ ለረጅም ጊዜ የሚሰጣት ከሁለቱ አንዱን መውደድ ብቻ ነው። በኋላ ብርቱ ሐኪምና ተዋጊ መሆኗ እውነት ነው፤ ታሪኩ የሚታጠፍባቸው ታላላቅ ቦታዎች ሁሉ ግን ለወንዶቹ የተቀመጡ ናቸው። በክፍሌ ያሉ ልጃገረዶች ይህን ከእኔ በፊት አይተውታል፤ አንዷ «ሳኩራ ሁልጊዜ ስታይ ነው የምትገኘው» ብላኛለች፤ ከዚህ የተሻለ ሒስ አላነበብኩም። ይህ የማንጋ ጠባይ ነው ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። አራካዋ ኢዙሚ የምትባል፣ ከባሏ ጋር ሥጋ ቤት የምታስተዳድርና የወንድማማቾቹ መምህር የሆነች ሴት ጽፋለች፤ ኢዙሚ ራሷ የሞተ ልጇን ልታስነሣ ሞክራ የውስጥ አካሏን ያጣች ናት፤ ስለዚህ ልጆቹን ስትቆጣ የምትቆጣው ራሷንም ጭምር ነው። በሴት ልጆች መጽሔቶች ላይ ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሪዮኮ ኢኬዳንና የሞቶ ሃጊዮን ዓይነት ደራስያን ጠብ ሳይሆን የልብ ነገር ዋናው ጉዳይ የሆነባቸውን ታሪኮች ጽፈዋል። ሐተታው የጠቀሳቸው ሥራዎች በሙሉ የወንድ ልጆች ታሪኮች መሆናቸው ራሱ ፍርዱን አንድ ወገን አድርጎታል።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ ጥያቄዬ ይህ ነው። ዓምዳችሁ ስለ ማንጋ ሲጽፍ አንድን ሥራ መርጦ፣ አንድን ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደከፈለ ይመርምር፤ ስለ ልብ ወለዶቻችን ስንጽፍ እንደምናደርገው ማለት ነው። አንብበው የሚኮርጁ ልጆች በየክፍሉ አሉ፤ መኮረጃቸው አያስከፋኝም፣ ማንም ጸሐፊ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። የሚያስከፋኝ የሚኮርጁት ጸጉሩንና ምልክቱን ሲሆን፣ የፈሰሰውን ውኃና የተዘጋውን ሰዓት የሚያሳያቸው ትልቅ ሰው ማጣታቸው ነው። «ሁሉም አንድ ናቸው» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ወላጅ ስልኩን ይነጥቃል፤ ልጁም ለምን እንዳለቀሰ ለማንም ሳይነግር ይቀራል።

ያ ተማሪዬ በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ ድርሰቱን እንደገና ጽፎ አመጣልኝ፤ ማንም አላዘዘውም። የመዳፉ ምልክት ቀርቷል። ልጁ አሁን የሚሄደው በስደት መንገድ ድምፁ የጠፋውን ታላቅ ወንድሙን ፍለጋ ነው፤ እናትም አለች፣ እንጀራ ጋግራ ለሱቅ የምታስረክብ ሴት ናት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለምትነሣ ልጁ መውጣት የሚችለው ከዚያ በፊት ብቻ ነው፤ የቆርቆሮው በር ደግሞ ሲከፈት ይጮኻል። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ፣ እናቱ ገበያ ስትሄድ እየጠበቀ፣ ማጠፊያውን በምግብ ዘይት ያጠጣዋል፤ ዘይቱ የቤቱ የመጨረሻ ዘይት ነው። በአራተኛው ሌሊት በሩ ድምፅ ሳያሰማ ይከፈትና ልጁ ይወጣል። እናቲቱ ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ በሩ ሳይጮኽ ብርዱ ሲገባ ይሰማታል፤ ዘይቱ የት እንደሄደም ያን ጊዜ ይገባታል። ከዚያ ተነሥታ ምጣዱን ትጥዳለች።

ጽሑፉ አራት ገጽ ነው። ለዓምዳችሁ የሚሆን ከመሰላችሁ፣ ልጁንና ወላጆቹን አስፈቅጄ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የአማርኛ መምህር
ከአዲስ አበባ